ያልታጠነው ጉድጓድ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጆቼ እናት፣

ከጣርማ በር ማዶ ያለው ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽስ ተሻለው? እህትሽ፣ ልጆቿ፣ ከብቱ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ስቀመጥ ነው፤ ስለዚህ አልቀመጥም። ሙቀቱ ትንሽ ቀንሷል። የሮቢ ወንዝ ውሃ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ቦዩም አልተሰበረም። ውሃውን በተራ የማከፋፍልበትን የውሃ አባትነት ለሌላ ልቀቅ ቢሉኝም አልለቀቅኩም። ለዚህ ሁሉ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

ደብዳቤውን ራስሽ አንብቢው፣ ለእህትሽ ልጆች ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ መጮኽ እንጂ መናገር ስለማልችልበት ነው።

በሚካኤል ዕለት አንዲት ሴት ወደ ቤት መጣች። ባጃጅ ከደጃፍ አውርዷት ሄደ። ግራ እግሯን ትንሽ ታነክሳለች። «እማማ አሉ?» አለችኝ። የትኛዋ እማማ ብላት «ጥርሳቸው ፍንጭት የሆነው» አለች። እህቷ ዘንድ ከሄደች አራት ዓመቷ ነው አልኳት። ከያዘችው ፌስታል ነጠላሽን አወጣች፣ ያን አረንጓዴ ጥለት ያለውን። አጥባ፣ አጣጥፋ ነው ያመጣችው። አንዱ ጫፍ ላይ የቀረ የደም ምልክት አለ። «በአመድም በሳሙናም እምቢ አለኝ» አለች፣ እንደ ማፈር እያደረጋት።

በርጩማ አወጣሁላት። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ቤት ምን ይገኛል፣ ዳቦና ሻይ አቀረብኩ። ከበላች በኋላ የማሽላውን ጉድጓድ አሳዩኝ ስትለኝ ወሰድኳት። አፉ ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ አቀርቅራ አየችው። ከዚያ «አባባ፣ ያን ቀን እኮ ከታች ሆኜ ሁሉንም እሰማ ነበር» አለችኝ።

የቱን ቀን እንዳለች ታውቂዋለሽ። ከተማውን ይዞ የነበረው ጦር ከወጣ ሦስት ቀኑ ነበር። ቁስለኞቹን በየማሳው ጥሎ ስለ ነበር የሄደው፣ በየደጁ ፍለጋ ነበር። የጠላት ወታደር የደበቀ አገሩን የከዳ ነው ብሎ ከሁሉ ቀድሞ የተናገረውም እኔ ነኝ። ማሽላው ደርሶ ነበርና ጉድጓዱን ላጥን ገለባ አቀጣጥዬ በአካፋ ይዤ መጣሁ። ጉድጓድ በጭስ ሳይታጠን እህል ቢገባበት እንደሚሻግት አንቺም ታውቂያለሽ። አንቺ ግን ሮጠሽ ሄደሽ አፉ ላይ ቁጭ አልሽ። «ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ጉድጓድ አይታጠንም» አልሽኝ። ሚካኤል ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ደግሞስ የኅዳር ሚካኤል አገሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያጥንበት ቀን አይደለም? በአርባ አንድ ዓመት ትዳራችን የመጀመሪያው ውሸትሽ ነው። መዋሸት እንደማታውቂበትም ያን ቀን አየሁ።

ክዳኑን ተመለከትኩ። ዙሪያውን በጭቃ ተመርጓል፤ ጥጉ ላይ ግን እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተትቶ በግራር ቅጠል ተሸፍኗል። ባዶ ጉድጓድ አየር ምን ይሠራለታል? አንቺ ግን እኔን አልነበረም የምታዪው፤ ዓይንሽን ከእሳቱ አልነቀልሽም። ውሃ ቸለስኩበትና «ገለባው እርጥብ ነው» ብዬ ወደ ቦዩ ሄድኩ።

ልጅቱ ከታች ሆና የሰማችው እሳቱ ውሃ ሲነካው ነው። «አውቀው ነው ያጠፉት፣ አባባ?» አለችኝ። ገለባው እርጥብ ነበር አልኳት። ሳቀችብኝ። «በኅዳር? በቆላ? እኔም እኮ የገበሬ ልጅ ነኝ» አለች።

እሳቱን ባጠፋሁ በማግስቱ፣ ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነበርኩና፣ የደበቀው እንዲወጣ አውጫጭኝ ጠራሁ። ከኸድር ሌላ ስልሳ ሦስት አባወራ ሾላው ሥር ተሰበሰብን፤ ዳኛው እኔ ነበርኩ። ጥፋተኛው ካልታወቀ ማንም ወደ ቤቱ እንደማይገባ ተነገረ። ኸድር ወፍ ሆኖ ተመረጠ። ወፍ ማለት እንደምታውቂው ለብቻው ፈንጠር ብሎ የሚቀመጠው ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሄዶ ያየውን በጆሮው ይነግረዋል፣ እሱም ማን እንደነገረው ሳይገልጥ የተባለውን ብቻ ያወጣል። ከበደ አስቀድሞ ተነስቶ «ወተት በቅል ይዞ ወደ አውድማ የሚመላለስ ሰው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ስሙን ለወፍ እናገራለሁ!» ብሎ ፎከረ። ወታደሮቹ ሁለት በሬዎቹን አርደው የበሉበት ሰው ነውና ማንም አልተቆጣውም።

ከጠዋት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ በአንድ ሄዱ። በመጨረሻ ኸድር ተነስቶ «ወላሂ፣ የስልሳ ሦስት ሰው ቃል ሰማሁ፤ ስልሳ ሦስቱም አላየሁም ብሏል» አለ። ሰዉ ወደ መሬት አየ። አንድም ሰው ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ አልጠየቀም። ወደ ቤት ስንመለስ ከበደን ዓይንህ ምን ሆነ ብለው «ሞራ ጋርዶታል፣ ጋሼ፤ ቅሉን ከሰው አልለይም» አለኝ። የከበደ ዓይን እስከ ዛሬ እንደ ጭልፊት ነው።

እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ያጠፋሁትን አውቀዋለሁ። ጥፋተኛው ቢገኝ ምን ታደርጉት ነበር ብለሽ ጠየቅሽኝ። የእናቴ ልጅም ቢሆን በገዛ እጄ ለሕግ እሰጠዋለሁ አልኩሽ። ቃሉ ከአፌ የወጣው ከልማድ ነው። በዚያው ሳምንት እህቴ ታማለች ብለሽ ሄድሽ። እህትሽ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ራሷን እንኳ አሟት አያውቅም። ሁለተኛው ውሸትሽ ይህ ነው።

ከሄድሽ ወዲህ ሳነብ ቆየሁ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፈው ደስታ መጻሕፍቱን እያዋሰኝ፣ የሌለውንም ከስልኩ እያነበበልኝ፣ አገር መክዳት በየአገሩ ምን እንደሆነ መረመርኩ። ሮማውያን ከሃዲን ከገደል ይወረውሩ ነበር። በእንግሊዝ ጥንት የንጉሡን ሞት ያሰበ ብቻ አይደለም፣ ሐሰተኛ ገንዘብ የሠራም ከሃዲ ነበር። ባሏን የገደለች ሚስትም በክህደት ተከስሳ በእሳት ትቃጠል ነበር። ሚስቱን የገደለ ባል ግን ተራ ነፍሰ ገዳይ ነው። እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። አሁን እነሱም የሞቱን ቅጣት ትተውታል። የእኛ ሕግ ከጽኑ እስራት ጀምሮ እስከ ሞት ይደርሳል። አሜሪካኖች ደግሞ በአገር ላይ ጦር ያነሳ፣ ወይም ከጠላት ወግኖ እርዳታና ምቾት የሰጠ ነው ይላሉ። ያውም ያንኑ ድርጊት ሁለት ሰው አይቶ ካልመሰከረ፣ ወይም ተከሳሹ ራሱ በችሎት ካላመነ አይፈርዱበትም።

ምቾት የምትለዋን ቃል ይዤ ከደስታ ጋር ስከራከር ዋልኩ። የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ምን ምቾት አለ አልኩት። «ጋሼ፣ ለመሆኑ የማንን ጉዳይ ነው የያዙት?» አለኝ። የማንንም አልያዝኩም አልኩት። ከዚያ አገሮች ሁሉ የፈረሙትን ሌላ ሕግ አሳየኝ፤ ቆስሎ መሣሪያውን ያስቀመጠ ወታደር ይታከማል እንጂ አይነካም ይላል። እኔ መነጽር አድርጌ አራት ዓመት ፈልጌ ያገኘሁትን፣ አንቺ ያን ጊዜ አንድ ቅል ወተት ይዘሽ ታውቂው ነበር።

ሐሳቤን ቀየርኩ እንዳትዪ። አገሩን ለሚወጋ ጦር መንገድ ያሳየ ዛሬም ይቀጣ እላለሁ። ግን ያን ቀን እሳቱን ጥዬው ቢሆን ኖሮ፣ በገዛ ጉድጓዴ ሰው አቃጥዬ በዚያ ጉድጓድ እህል ስበላ እኖር ነበር። ያን ቀን ያዳንሽው አንድ ሰው ብቻ አይምሰልሽ። አመሰግንሻለሁ። ይህን ቃል በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ ብዬሽ እንደማላውቅ አስታውሳለሁ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። ጎረቤታችንን ሙሀባንም ሄጄ አመስግኛታለሁ። የእህቴ ልጅ ናት ብላ፣ የራሷን ሻርፕ አልብሳ ልጅቱን በኬላው ያሳለፈቻት እሷ መሆኗን አሁን ከልጅቱ ሰማሁ። «አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ነው ሰላምታ የነፈጉኝ?» ብላ ሳቀችብኝ። ለዚህ አልነበረም፤ ውሃ ያለ ተራዋ ቀድታ ነበር። ቢሆንም ይቅርታ ጠየቅኳት።

ጉድጓዱ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። አላጠንኩትም። ማሽላውን በጆንያ እያስቀመጥኩ ነቀዝ አስበላሁት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጃጀ ይለኛል። ዘንድሮ ማሽላው ጥሩ ይዟል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቆረጣል። ሰለሞን ሰኞ በአይሱዙው ሲያልፍ አንድ ቁና ማሾ ይሰጥሻል፤ ማክሰኞ ሲመለስ ጋቢናው ክፍት ነው። ነይ ብዬ አልለምንም፣ ታውቂኛለሽ። ክዳኑን ግን አንቺ ካልከፈትሽው እኔ እሳት ይዤ ወደዚያ አልቀርብም። ነጠላሽ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአውጫጭኝ ሥርዓት ዳኛውም መጨረሻ ላይ ተነስቶ፣ እንደ ማንኛውም አባወራ፣ ቃሉን ለወፍ ይሰጣል። ኸድር ቆጥሮ ስልሳ ሦስት ማለቱን አትርሺ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከጉምና ከብርድ ይሰውርሽ፣ እጅሽ የዘረጋውን ሁሉ ይባርክልሽ።

የልጆችሽ አባት