ገና ያልተወለደው ካርድ

ሰኞ፣ የካቲት 3/2006፣ ከሰዓት

ዛሬም እምቢ። አራቱም ማሽኖች። ካርዱን ሰካሁ፣ የምስጢር ቁጥሩን መታሁ፣ አላውቅሽም አለኝ። ዓርብ ማታ ግን በነዚሁ ጣቶቼ ከፍቼዋለሁ። ጋሽ ይበልጣል ምስክሬ ነው።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የምለማመድበት የኅብረት ሥራ ዩኒየን የይለፍ ቃል ሰልችቶታል። እንዴት አይሰለቸው፣ የሁሉም ሰው ይለፍ ቃል ወ/ሮ ሙሉ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር ተጽፎ ይነበባል። የሥራ አስኪያጁም ጭምር። ከእንግዲህ ሰው ሁሉ የራሱን ስማርት ካርድ ማንበቢያው ውስጥ ይሰካል፣ ቁጥሩን ይመታል፣ ኮምፒውተሩ ይከፈትለታል። ሲነቅለው ይቆለፋል። የምንዘረጋው ጋሽ ይ. (የኔትወርክ ባለሙያ፣ ባለ ብዙ ኪስ) እና እኔ (የኮሌጅ ተለማማጅ፣ ባለ ብዙ ምላስ) ነን።

ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነግረውናል። ዓርብ ሁሉም ሰው በካርድ ከገባ የይለፍ ቃል ይዘጋል፣ እኔና ጋሽ ይ. ደምበጫ ቅርንጫፍ ሄደን እንዘረጋለን። አንድ ሰው እንኳ ከቀረ ዕቃው ወደመጣበት አ/አ፣ እኔም ወደመጣሁበት ፎቶ ኮፒ። ፎቶ ኮፒ ማንሳት ጠግቤአለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፣ ማታ

አሁን ይሠራል! ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሞከርን፣ አራቱም ተከፈቱ። ጠዋት ግን ድንጋይ ነበሩ። ማታ ሰው፣ ጠዋት ድንጋይ። ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ጋሽ ይ. ኬብል ቀየረ። እሱ ሁልጊዜ ኬብል ነው። ሚስቱ ብታኮርፈው ኬብል ይቀይራል።

የኔታም አልተዉንም። መሪጌታ አያሌው ማለቴ ነው፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊው። ከመ/ቤቱ ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለሆኑ የኔታ የማይላቸው የለም። ነነዌን እየጾሙ ነው፣ ሆድ ሲጎድል ደግሞ ምላስ ይሰላል። ለነነዌ ሰዎች ሦስት ቀን በቅቷቸዋል፣ እናንተን ሳምንትም አልበቃችሁ አሉን። ጋሽ ይ. ቀላ። እኔ ሳቄን በካርቶን ጋረድኩ።

ነገ ከሁሉ ቀድሜ እገባለሁ። ድንጋይ የሚያደርጋቸውን በዓይኔ ላየው ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5፣ ጠዋት

አየሁት! ጋቢ ለብሷል!

ገና ዘበኛው በሩን ሲከፍት ገባሁ። የኔታ ቀድመውኛል። በድሮው ይለፍ ቃላቸው እየገቡ፣ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየዞሩ፣ በአንድ ጣት ቀን ያርማሉ። የስክሪኑ ጥግ ላይ አየሁ፦ 2006።

ምን እያደረጉ ነው የኔታ? አልኩ። ምንም ሳይደነግጡ አስረዱኝ። ደብዳቤ ላይ ቀኑን ማሽኑ ራሱ ነው የሚጽፈው፣ የሚጽፈውም የፈረንጅ ነው። ስምንት ዓመት ይቸኩላል። ስለዚህ በየማለዳው ወደ ዘመናችን ይመልሱታል። ሰው ሲወጣ ሰርቨሩ፣ የማሽኖቹ ሁሉ አለቃ፣ መልሶ ያበላሽባቸዋል፣ ጠዋት እሳቸው መልሰው ያቀኑታል። እንዲህ ሲገፋፉ ከረሙ፣ ሰርቨሩና የኔታ! ያስቸገራቸው ጥቅምት 29 እና 30 ብቻ ነበር። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነው፣ የማሽኑ ሁለተኛ ወር ግን በ28 ያልቃል። ሁለቱን ቀን 28 ላይ አቁመው አሳለፏቸው።

ደብተሬ፣ ገባሽ? ካርዱ ውስጥ የተሰጠበት ቀን አለ። ማሽኑ ያያል፦ እኔ ያለሁት 2006፣ ካርዱ የተሰጠው በፈረንጅ 2014። ገና ያልተወለደ ካርድ! ሮጬ ለጋሽ ይ. ነገርኩት። የያዘውን ኬብል ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ደስታዬ ምሳ ሳይደርስ ሞተ። ጋሽ ይ. ከኛ በቀር ማንም ቀን እንዳይቀይር ቆለፈ። የኔታ ሞከሩ፣ ማሽኑ እምቢ አላቸው። ተነሡ። ካርዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጋሽ ይ. ፊት አስቀመጡ። በሰው ዘመን ደብዳቤ አልጽፍም አሉ። ወጡ።

ሁሉም ሰው ማለት እሳቸውም ናቸው። ደምበጫዬ!

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ተሳካ!

ሌሊቱን ሳስበው የኔታ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ቦታውን ነው። ማሽኑ በፈረንጅ ይቁጠር፣ ወረቀቱ በኛ። ደብዳቤ መጻፊያው ላይ አንድ ትንሽ ትእዛዝ ጻፍኩለት። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የፈረንጁን ቀን ወደኛ መልሶ ያወጣል። ይዤላቸው ሄድኩ። ጾሙ ስላበቃ ፊታቸው ፈታ ብሏል።

አላመኑኝም፣ ፈተኑኝ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስንት ናት? ማሽኑ፦ ስድስት። በማግሥቱስ ዓመት? አምስት። ወንጌላዊውስ የታለ? አሉ። እሱን አላስገባሁም ነበር። ወንበር ሳቡልኝ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ አምስት ሺህ አምስት መቶ ጨምሪ፣ ለአራት ክፈይ፣ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። እሳቸው በጣት፣ እኔ በቁልፍ። ተጫኑት። የካቲት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዘመነ ማርቆስ።

ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ በመነጽራቸው በላይ እኔን።

«ወንድ ብትሆኚ ባሕረ ሐሳብ አስተምርሽ ነበር።»

ወንድ እስክሆን ከመጠበቅ አሁን ቢጀምሩልኝ ይሻላል አልኳቸው። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ካርዳቸውን ተቀበሉኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 7፣ ማታ

ሥራ አስኪያጁ መጡ። ወ/ሮ ሙሉ ሰካች፣ ገባች። ሒሳብ ሹሙ ገባ። ሁሉም ገቡ። የኔታ ቀሩ።

ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ እጃቸውንም ቁልፉንም በጋቢ ሸፈኑ። ስሕተት። ደገሙ። ስሕተት። በሦስተኛው ካርዱ ራሱን ይዘጋል። ጋሽ ይ. ላብ በላብ። በጋቢ ሥር ለካ እሳቸውም አያዩትም!

«የኔታ፣ ጋቢውን ያንሡት፣ እኛ ዞር እንላለን» አልኩ።

ዞርን። ሥራ አስኪያጁም ሳይቀሩ፣ መ/ቤቱ በሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ። ከኋላችን አንድ ጣት፦ ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

«ከፈተ» አሉ የኔታ፣ የሚከፈት መሆኑን ቀድሞም እንደሚያውቅ ሰው።

ጋሽ ይ. ሰርቨሩ ፊት ወንበሩን ለቀቀልኝ። የይለፍ ቃሉን አንቺ ዝጊው አለኝ። ዘጋሁት። እኔ! ሥራ አስኪያጁ የቀኑን ነገር ማን ሠራው ሲሉ የኔታ እኔን ቀደሙ፦ «ይህችና እኔ።» ይህችን አስቀደሙ፣ ልብ በዪ።

ሰኞ ደምበጫ። አባባ ሴት ልጅ ለሥራ ሌላ ከተማ ማደሯን አይወድም፣ እስከዛሬም የማነሣው ፎቶ ኮፒ ይመስለዋል። አስቤ ወሰንኩ፦ አላስፈቅደውም፣ አሳውቀዋለሁ። ገና አሁን ገባ፣ ጫማውን እያወለቀ ነው። ልሂድና…