ለላሌ የተገዛው ብስክሌት

ያኮ አጠገብ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1998

ለልጄ ለራስማኔ፣ አቢጃን

ልጄ፣ ባለህበት ጉንፋን እንኳ አይንካህ። እኛ ደህና ነን፤ አህያዋም ደህና ናት። ይህን የምትጽፈው ሚስትህ ላሌ ናት። የምለውን ብቻ እንድትጽፍ፣ ከራሷ ምንም እንዳትጨምር አስጠንቅቄያታለሁ።

ለብስክሌት የላክኸው ሰባ ሺህ ፍራንክ ደርሶኛል። “አሮጌ እንዳትገዛ፤ ጠንካራ የወንድ ብስክሌት ግዛ” ብለሃል። ለአባትህ ስለ ብስክሌት ልታስተምር! አንተን ጡት ሳትጥል ከነእናትህ ጭኜ ያኮ ክሊኒክ ያደረስኩ ሰው ነኝ። ይሁን።

የድሮዋ ብስክሌቴ ወገቧ ከተሰበረ ወዲህ ገበያ የምሄደው በጎረቤታችን በቲጋ ብስክሌት ላይ፣ ከኋላ እንደሚሸጥ ዶሮ ተንጠልጥዬ ነው። እሱም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ “ሽማግሌ፣ አጥብቀህ ያዝ!” ይለኛል። ይህን ከምሰማ ቤቴ ብቀመጥ በተሻለኝ። ግን በገበያ ቀን ከዛፉ ሥር ነገር የምንቆርጠው እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ እግሩ የቀረ ሽማግሌ ቃሉም ይቀራል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ዓርብ ዕለት ያኮ ወረድኩ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ርካሽ አሳዩኝ። ጎማውን ጫን ባደርገው መሪው ዞሮ አየኝ። “ይህ ብስክሌት ነው ወይስ የልብስ ማስጫ?” ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ነጋዴ ደግሞ “አባባ፣ ይህ ሰባት ማርሽ አለው፤ ዳገት ይወጣል” አለኝ። አገራችን እንደ መዳፌ ሜዳ፣ የትኛውን ዳገት ነው የምወጣው? ዋጋው ግን ዳገቱን ቀድሞ ወጥቶታል።

ሦስተኛው የዜርቦ ሱቅ ነው። ዜርቦ ሳሞ ነው። ታውቃለህ፣ ሳሞና እኛ ሞሲዎች የቀልድ ዘመዳሞች ነን፤ ሌላ ሰው ቢናገረው ዱላ የሚያማዝዘውን፣ ሳሞ ሲናገረው ስቀህ ታልፋለህ።

“ሎሌዬ መጣ!” ብሎ ጮኸ ገና ከሩቅ ሲያየኝ። “ዛሬ እንኳ ጌታህ ትዝ አልኩህ?”

“አንተ የውሻ ጭንቅላት በላ! ሎሌው ማን እንደሆነ አያትህን ጠይቅ” አልኩት።

ብስክሌቱን እዚያ አየሁት። ጥቁር፣ ረጅም፣ መሀል ብረቱ እንደ ቀንበር የጠነከረ። ካቴናውን አዞርኩት፣ ፍሬኑን ያዝኩት። ዋጋውም ከላክኸው አይበልጥም። “ልሞክረው” አልኩና እግሬን አነሳሁ።

ልብሴ ያዘኝ። ጻፊ ላሌ፤ የያዘኝ ልብሴ ነው። እንደገና አነሳሁ፤ ያው ልብስ። በሦስተኛው እኔም ብስክሌቱም የሽንኩርት ሻጯ ክምር ላይ አረፍን።

“ሎሌዬ” አለ ዜርቦ፣ “የያዘህ ልብስ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ና፣ መሀል ብረት የሌለው የሴት ብስክሌት ላሳይህ። እሱ ላይ ለመውጣት እግር ማንሳት አያስፈልግም፤ ኩራትን መዋጥ ብቻ ነው።”

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ሳሞ ነው፤ ምን ላድርገው?

“አምጣው እስቲ” አልኩት። “ለምራቴ የሚሆን እየፈለግሁ ነበር።”

ይህን ብዬ ስድቡን ጠበቅኩ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ አግኝቶ የሚያልፍ ሳሞ አልተፈጠረም። እሱ ግን የሽንኩርቱን ልጣጭ ከልብሴ ላይ አራገፈልኝ። መቀመጫውን በቁመቴ ልክ አስተካከለው። ላሌ፣ “በቁመቴ” ብለሽ የጻፍሽውን ሰርዢና “በላሌ ቁመት” አድርጊው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አባቴም ‘ለእናትህ ነው’ ብሎ ነበር የገዛው” አለኝ። መቆለፊያም ከነቁልፉ መረቀልኝ። ወዲያው ደግሞ ገበያው እንዲሰማ፣ “ሎሌ በእግሩ ሲሄድ ከታየ የሚታማው ጌታው ነው!” ብሎ ጮኸ።

እንግዲህ የላሌ ብስክሌት ቀይ ነው፤ ደወሉም ጥሩ ነው። ገንዘብህ አልባከነም።

ና አልልህም። ሥራ ላይ ነህ፤ ከሄድህ ያለፈው ሦስት ዓመትም ዕድሜ አይደለም። ጥቁሩን ብስክሌት ግን ዜርቦ ለማንም እንዳይሸጠው ነግሬዋለሁ። እግሩ የሚነሳ ሰው ይመጣል ብዬዋለሁ።

ፈጣሪ መንገድህን ሜዳ፣ ጎማህን እሾህ የማይደፍረው ያድርግልህ።

አባትህ ቲቢላ፣ የአውራ ጣቱ አሻራ ይኸው።

ራስማኔ፣ ይህችን አባባ ሳያውቁ ነው የጨመርኳት። “ብስክሌቴ” ላይ እስካሁን አልወጣሁም፤ ቁልፉ እሳቸው አንገት ላይ ነው። ትናንት ቲጋን ቀድመውት ሲያልፉ “አጥብቀህ ያዝ!” ያሉት እኔ ውኃ ከምቀዳበት ጉድጓድ ድረስ ተሰምቶኛል። ጥቁሩን ዜርቦ የሚያቆየው እስከ ዝናቡ ወራት ብቻ ነው። ላሌ።