ያልተባለ ይቅርታ

ለተከበሩ አባቴ፣ ለአቶ መኳንንት፦

እንደምን ከርመዋል አባባ? ወገብዎ ተሻለዎት? ክረምቱስ በረታ? እኔ በመድኃኔዓለም ቸርነት ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ ግን እንዲያነብልዎ ለወንድሜ ለሞገስ ሳይሰጡ ራስዎ ያንብቧት።

የምሠራው ጋርላንድ ባለ ናርሲንግ ሆም ነው፤ ያው የአረጋውያን መጦሪያ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ከማጥባቸው አንዱ ሚስተር ኮርቤት የሚባል የዘጠና አራት ዓመት ሰው ነው። አንቱ ልለው አፌ እምቢ ብሏል፣ ይቅር ይበሉኝ። የድሮ ሥራው ጨዋታ ነበር፤ የእኛን የገና ጨዋታ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ እንደሚጫወቱት ይቁጠሩት፤ ሆኪ ይሉታል። እሱ ካናዳ ውስጥ ለደሞዝ ከተጫወቱት ከቀደምቶቹ ነበር። ያን ጊዜ የራስ መከላከያ እንኳ አልነበረም። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ቡድን ቀያየረ፣ የፊት ጥርሶቹን አስረገፈ፤ ጉልበቱ ሲሰበር በቴሌግራም አባረሩት። ከዚያ በኋላ በረዶ ፋብሪካ ገብቶ በረዶ ሲጭን አረጀ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንል የለ? እሱ ግን በሃያ አራት ዓመቱ፣ ሚስተር ሌን የሚባሉ ልጅ እግር ተጫዋች ቢያልፉት፣ ተናዶ በዱላው አንድ ዓይናቸውን አፈሰሰ። እሳቸውም በዚያው ከጨዋታ ወጡ። ሳጥበው ይህን እያነሳ እንባው ይወርዳል። እኔ ሞኟ ጸጸት መሰለኝ! ለካ ዓይኑ ዝም ብሎ የሚያነባ በሽታ ኖሮበት ነው፤ ነርሷ የነገረችኝ ኋላ ነው።

ሚስተር ሌን በየዓመቱ ለገና ከኦክላሆማ ካርድ ይልካሉ፣ እሱ ሳይከፍት ይጥለዋል። የዘንድሮውን ከቆሻሻ አንስቼ አነበብኩት። ከመሞቴ በፊት አንድ ቃል ብትለኝ ይላል። አባባ፣ እኛ ቤት ስንቱ ደመኛ ሲታረቅ እያየሁ አድጌያለሁ። ሽማግሌ ክፉውን ቃል ውጦ፣ ያልተባለውን ደግ ቃል ጨምሮ ነው የሚመላለስ። እኔም፣ አይ ቅብጠት፣ ሽማግሌ ልሁን አልኩ። ተጸጽቷል፣ ሊያይዎት ይፈልጋል ብዬ ጻፍኩላቸው። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ቀን፣ ሚስተር ሌን በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ክራቫት አስረው በአውቶቡስ መጡ። ደግፌ አጠገቡ አስቀመጥኳቸው። ሰውዬው ትክ ብሎ አያቸውና ሳቀ። ሁለተኛዋን ዓይንህን ልታስወጣ መጣህ ወይ አላቸው። ጉልበት ቢኖረው ዛሬም እንደሚደግመው ነገራቸው። እጃቸውን ይዤ አስወጣኋቸው።

አውቶቡስ ጣቢያ ስሸኛቸው የጻፍኩት እኔ መሆኔን ተናዘዝኩ። አልተቆጡም። ሰባ ዓመት ሙሉ፣ ያ ሰው በእኔ ነገር እንቅልፍ አጥቷል እያልኩ ስጽናና ኖሬያለሁ፤ ያንን መጽናኛዬን ወሰድሽብኝ አሉኝ። በማግስቱ ያንን ሰውዬ እንደ ወትሮው አጠብኩት። ውሃው ሞቀኝ ብሎ ሰደበኝ።

እንግዲህ አባባ፣ ልጠይቅዎት። ባሌ ታፈሰ ክንዴን ሰብሮኝ ቤትዎ የገባሁ ጊዜ፣ ባልሽ ተጸጽቷል፣ እግሬ ላይ ወድቆ አልቅሷል ብለው መለሱኝ። የእርስዎ ቃል ነውና አመንኩ። ያረገዝኩትን በእርግጫ ያስወረደኝ በተመለስኩ በአራተኛው ቀን እንደሆነ ያውቃሉ። እውነት አልቅሶ ነበር? ወይስ የሽማግሌ ቃል ነው? እውነቱን ይጻፉልኝ። አልቀየምዎትም ብዬ ግን ቃል አልገባም።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ለሞገስ ጫማውን እልክለታለሁ ይበሉት። አክስቴን ተዋበችን ሰላም ይበሉልኝ። እህቴ ዘርትሁን ሽማግሌ ተልኮባታል ሲሉ ሰማሁ፤ እግዜር ያሳምርላት። ሽማግሌዎቹ ያሉትን ትታ፣ ሰውየው ያለውን ከራሱ አፍ ትስማ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ዓለምሸት
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ
ነሐሴ 8 ቀን 1987 ዓ.ም.