ጀልባዋ ስትሳለም

ባሕር ዳር፣ የካቲት 19 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ አማቴ፤

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲወጣ ይሻለኛል ይሉ ነበር፤ ይኸው ወጣ፣ ታዲያ ተሻለዎት? የጓሮው ጌሾ፣ ጎረቤቱ፣ ያቺ ጠባይዋ እኔን የሚመስል ላም፣ ሁሉም ደኅና ነው? እኔ ኪዳነ ምሕረት ክብር ምስጋና ይግባትና በጣም ደኅና ነኝ። ደኅና ብቻ አይደለሁም፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። ምክንያቱን ልነግርዎት ነው ወረቀት የያዝሁት። እንዳልደውል አንዱን ቀን ኔትወርክ የለም፣ ሌላውን ቀን ስልኩን የሚያነሳው ልጅዎ ነው።

ሥርጉት፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራ፣ መስመር እንዳትዘልዪ። ልጃቸው ወንዳወቅ ቤት ካለ ትንሽ ቆይተሽ አንቢው። ደግሞስ ቢሰማ ምን ይሆናል? ይስማ። አንቢው።

ሽማግሌዎቹ ከልጅዎ ከለያዩኝ በኋላ እዚህ መጥቼ ያንኑ ሥራዬን ያዝሁ። ምድጃ እጠግናለሁ፣ ፍሪጅ እጠግናለሁ፣ የተበጠሰ የምጣድ ሽቦ እቀጥላለሁ። “ሚስቴ በሰው ጓዳ ስትዞር አላይም” ያለው በዚሁ አልነበር? እልህ ያዘኝና የባሰ ዞርሁ። እንዲህ ስዞር አቶ መልካሙ የሚባሉ የጀልባ ባለቤት አገኙኝ። ተሳላሚ ወደ ዘጌ ኪዳነ ምሕረት የሚያመላልሱ ሦስት ጀልባዎች አሏቸው። ሰው በጠዋት ተነሥቶ ሲመለስ ይርበዋል፣ ጀልባዬ ላይ ትኩስ እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት ግጠሚልኝ አሉኝ። በአንደኛዋ ላይ ሞክሪ፣ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ከደረሰልሽ ሦስቱንም ላንቺ፤ ካልሆነ ምጣዱን አውርጄ ዳቦ እጭናለሁ፣ አንቺም ዕቃሽን ይዘሽ ትወርጃለሽ አሉ። ተስማማሁ። ይህ ሥራ ከእጄ ቢወጣ ቡሬ ድረስ ወሬው እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ “አላልኋችሁም?” የሚለውም ማን እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ከጀልባዋ ኋላ ምጣዱን፣ ፍሪጁንና የጋዝ ምድጃውን ገጠምሁ። ፍሪጁና ምጣዱ አብረው ሲበሩ ጀነሬተሩ ያቃስት ነበርና በየተራ እንዲሠሩ አደረግሁ። ምጣዱን በውሃ ልክ ለካሁት፣ አረፋዋ መሀል ላይ ቁጭ አለች። ወጥ ቤቷ ያምሮት ጀልባዋ ወደቡ ላይ እንደታሰረች ጋገረችበት፤ ተስተካክሎ ወጣ። እኔም ኮራሁ። መኩራቱስ ለእኔ መቼ ያንሰኛል።

ከዚያ ተሳላሚ ጭነን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣን። ጣና ጸጥ ብሎ ነበር፣ ማዕበል የሚባል የለም። ያምሮት ሊጡን አዙራ ስታበቃ ክብራን ገብርኤል በቀኝ በኩል ብቅ አለ። እደሴቱ ላይ ሴት እንደማትወርድ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሴቶቹ ከውሃው ላይ ሊሳለሙ አንድ ላይ ብድግ ብለው ወደ ቀኝ ሄዱ። ወንዶቹም ተከተሏቸው። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ዘመም አለች። እኔስ? ማርያምን አልዋሽዎትም፣ እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁና እጅ ነሳሁ! ያምሮትም ከኋላዬ ነበረች። ስንመለስ ሊጡ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ፈስሶ በምጣዱ ከንፈር ላይ ያርራል፣ የፍሪጁ በር ተከፍቶ የድንቹ ወጥ ወለሉ ላይ ተንጣሏል።

ያምሮት ምጣዱን አየት አድርጋ፣ “ሊጡም ተሳለመ” አለችኝ።

መሳቅ አልቻልሁም። ከዘጌ ስንመለስ ደግሞ ደሴቱ በግራ ሆነ፣ ያው ደገመን። አያድርስ ነው፣ ያን ቀን ተሳላሚው ደረቅ ቆሎ በልቶ ገባ። ባዶ ጀልባ በውሃ ልክ ለክቼ፣ የሰውን እምነት ሳልለካ ቀርቻለሁ። ከኛ አገር ሰው ቤተ ክርስቲያን አይቶ ማን ተቀምጦ ያልፋል? ይህን የማላውቅ እኔ ከየት መጣሁ?

አቶ መልካሙ ተቆጡ። በማግስቱ ካፒቴኑ አለበል፣ ክብራን ሲደርስ ሁላችሁም ከወንበራችሁ እንዳትነሡ ብሎ ለፈፈ። አንዲት ባልቴት የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ ተነሡና፣ “አንተ ልጅ፣ መልአኩን ተቀምጬ ላልፈው ነው?” አሉት። እሱም አፈረና ባርኔጣውን አውልቆ አብሯቸው ተሳለመ። ጀልባዋም ዘመመች፣ ሊጡም ፈሰሰ። አቶ መልካሙ ዳቦ ቤት ሊያነጋግሩ ሄዱ።

እቤቴ ገባሁ፣ በሩን በንዴት ጓ አድርጌ ዘጋሁት። ቤቱ ሁሉ ተናጋ። ከጣራው ወራጅ ላይ ያ የሰጡኝ ሚዛን ተሰቅሏል። ከቤትዎ ስወጣ፣ ልጅዎ ፊቱን አዙሮ ሳለ፣ እርስዎ በሩ ላይ ደርሰው፣ “ብረት ትወጃለሽ፣ ውሰጂው፤ እኔ ከእንግዲህ ገበያ አልወጣም” ብለው ያሸከሙኝን ሚዛን ነው የምልዎት። ሳህኑ ላይ ብሎኖቼን አስቀምጥበታለሁ። በሩ ሲጋጭ ሳህኑ ወዲያ ወዲህ አለና ተመልሶ ቀጥ አለ። አንዲት ብሎን አልወደቀችም።

ቆሜ ቀረሁ። እርስዎ ቡሬ ገበያ በርበሬ ሲመዝኑ ትዝ አሉኝ። መሬቱ ጎርባጣ ነው፣ የሚያምዎትን ጉልበት ለማሳረፍ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ፣ ገዢው ይጋፋዎታል፤ ሳህኑ ግን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴ ላይ ተሰቅሎ ሲጠብቀኝ ነበር።

ምጣዱን ከጠረጴዛው ነቀልሁት። ሰፋ ያለ የብረት ክፈፍ አበየድሁለትና በሚዛንዎ አራት ሰንሰለት ከጀልባዋ ጣራ ላይ ሰቀልሁት፤ ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ የተሸከመ ሰንሰለት ምጣድ አያቅተውም። ብዙ እንዳይወዛወዝ የሚዛኑን ድንጋዮች ከሥሩ አሰርሁበት። የኤሌክትሪክ ገመዱን እንዳይወጠር ለቀቅ አደረግሁት፣ የፍሪጁንም በር መቀርቀሪያ አበጀሁለት። አቶ መልካሙ መጥተው አዩና፣ ምጣድ እንደ ጽና ሲሰቀል አይቼ አላውቅም አሉ። አሁን ያዩታል አልኋቸው።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ጀልባዋ ጢም ብላ ሞላች። አቶ መልካሙ ዳቦውን በማዳበሪያ ጭነው፣ ለክፉም ለደጉም ብለው፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። ክብራን ብቅ ሲል ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ተነሣ፤ በዓል ነውና እልልታውም ደመቀ። ጀልባዋ ከሌላው ቀን ይልቅ ዘመመች። ያምሮትን አዙሪ አልኋት። ግድግዳው ሲያጋድል፣ ጣራው ሲያጋድል፣ አቶ መልካሙ የበሩን መቃን ሲጨብጡ፣ ምጣዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ያን ቀን እጅ የነሳሁት ከምጣዱ ሳልለይ ነው፣ መልአኩ ይቅር ይበለኝ። አክምባሎው ሲነሣ፣ አማቴ፣ ክብ እንጀራ! ዐይኑ የተከፋፈተ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል! ያምሮት እልል አለች፤ ተሳላሚው ለመልአኩ መስሎት ተቀበላት። እኔም ለሁለታችንም ይሁን ብዬ እልል አልሁ። እንጀራው ለሁሉም ደረሰ፣ ዳቦውን ለገዳሙ ተማሪዎች ሰጠነው። አቶ መልካሙ ከጀልባ ሳንወርድ ሁለቱን ጀልባዎች ደግሞ ነገ ጀምሪ አሉኝ።

ደስታዬ እዚህ ላይ ቢያበቃ በሳቅ እዘጋልዎት ነበር። ስንመለስ አንዲት ሴት ውሃ ልትጠጣ ማድ ቤት ገባች። ወይኒቱ ናት፣ የቡሬዋ የቅመም ነጋዴ። ሰንሰለቱን ቀና ብላ አየችና ከአንዱ ጫፉ ላይ እርስዎ ያሰሩትን ቀይ ሽቦ ነካች።

“ይህ የአማትሽ ሚዛን አይደለም እንዴ?” አለችኝ። “እሳቸው እኮ አሁንም ከገበያ አይቀሩም። ሚዛኔ ተሰበረ ብለው በጣሳ እየሰፈሩ ነው የሚሸጡት።”

ፊቴን ወደ ምጣዱ አዞርሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭስ የለውም፣ በምን ላመካኝ? እንዲሁ አለቀስሁ። ያምሮትም ሊጡን ስታማስል ቆየች።

አሁን ላቀው የሚባል ብረት ሠሪ ለሦስቱም ጀልባዎች ወፈር ያለ ሰንሰለት ሠርቶልኛል። የእርስዎን አውርጄዋለሁ። ክንዱን ወልውዬ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ድንጋዮቹን አጥቤ በነጠላዬ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ቀይ ሽቦውን አልነካሁትም። ወደ ቡሬ የሚመጣ ሰው ሁሉ ልውሰድልሽ ይለኛል፤ ለማንም አልሰጥም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ራስዎ መጥተው ይወስዱታል። ለኪዳነ ምሕረት የተሳሉት ስለት እንዳለብዎት አውቃለሁ፣ ውሃ እፈራለሁ እያሉ ስንት ዓመት አሳለፉ? ከምጣዱ አጠገብ አስቀምጥዎታለሁ፣ አንዱን ሰንሰለት ይይዛሉ። ጀልባዋ ስትሳለም እንዳይደነግጡ፤ እርስዎ የያዙት ቀጥ ብሎ ይቆያል።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ገበያዎን ያድራልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ሥርጉትንም ለቁም ነገር ያብቃት። ሽማግሌዎቹ የለያዩኝ ከልጅዎ ነው፤ ስለ እርስዎ የተናገሩት ነገር አልነበረም።

ምራትዎ