ስለ ላም ግሳት የደከሙት የመኖ ቀማሚ የሕይወት ታሪክ

ዘመድ ወዳጁ ሁሉ "ጋሼ" እያለ የሚጠራቸው፣ ዛሬ ተሰብስበን የምንሸኛቸው መኖ ቀማሚ፣ ከአውቶቡስ መካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስድሳ አራት ዓመት ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከጋራዡ ጀርባ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን፣ አንዱ ክፍል የእናታቸው የስፌት መኪና፣ ሌላው የቀረው ቤተሰብ ሁሉ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ አፋር ነበሩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከስፌት መኪናው ሥር ይገቡ እንደነበር ታላቅ እኅታቸው እስከ ዛሬ ያወሳሉ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ካጠናቀቁ በኋላ፣ ለምሕንድስና አመልክተው ነጥባቸው ስላልበቃ በእንስሳት እርባታ ኮሌጅ ተመደቡ። "ከላም ጋር ያጋባኝ ነጥቤ ነው" ይሉ ነበር። በመኖ ዝግጅት ዲፕሎማቸውን ተቀብለው፣ በሃያ ሦስት ዓመታቸው በአንድ የወተት ላሞች ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከሂሳብ መምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በጣቢያው የመጀመሪያ ዓመታት ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ጨው ሲያደባልቁ ከቆዩ በኋላ አዲስ ሥራ መጣ። ላም የበላችውን ስታመነዥክ ሆዷ ውስጥ ጋዝ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ ምድርን ያሞቃል። ተመራማሪዎቹ ከባሕር አረም የተፈጨ ቀይ ዱቄት መኖው ውስጥ ቢገባ ጋዙ ይቀንስ እንደሆነ ለመሞከር ተነሡ፤ ድብልቁንም ለጋሼ ሰጡ። ለአንዲት ላም የሚበቃው ዱቄት ከእፍኝ ያነሰ ነው። ከበዛ ላሟ ገንዳውን አሽትታ ፊቷን ታዞራለች፤ ካነሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በአንድ ጊዜ ማደባለቂያው ውስጥ ቢደፋ ደግሞ አንድ ጥግ ላይ ተቋጥሮ ይቀራል። ስለዚህ ጋሼ በመጀመሪያ ከጥቂት ፉርሽካ ጋር በመዳፋቸው ያሹታል፤ ከዚያ ጨመር፣ አሁንም ጨመር እያደረጉ በመጨረሻ ወደ ትልቁ ማደባለቂያ ይሰዱታል። ጓንት አድርጉ ሲባሉ "ዱቄቱ በጓንት አይነግረኝም" ይሉ ነበር። ላሟ አፍንጫዋን አስገብታ ስትበላ ትንፋሿን የሚለካው ሣጥን ጋዙ መቀነሱን፣ ወተቷም እንዳለ መሆኑን ያሳየ ዕለት፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው በረቱን ሁሉ እየዞሩ እጅ ጨብጠዋል።

ያስቸገራቸው ጋዙ የሚወጣበት መንገድ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ከኋላ የሚወጣ መሰለው። ጋሼ ግን በአብዛኛው የሚወጣው በአፍ፣ በግሳት መሆኑን ረጋ ብለው ያስረዱ ነበር፤ ባስረዱ ቁጥር ሳቁ ይብስ ነበር። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ይሁን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ፣ "ጋሼ፣ ዛሬስ ስንቱን ያዙ?" የሚላቸው አይጠፋም። በጣቢያው ግቢ ውስጥ ራሳቸው ቀልደኛ ነበሩ። "አንበሳም እኮ ያገሳል፤ ማን ስቆበት ያውቃል?" እያሉ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ያስቁ ነበር። ከበሩ ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። በጣቢያው ሻወር ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው፣ ሥራቸውን እዚያው ትተው ነበር የሚወጡት።

ሴት ልጃቸው ስትታጭ የሙሽራው ወላጆች ለትውውቅ ወደ ቤት መጡ። አባትየው ከግንበኝነት ተነሥተው ሕንፃ ተቋራጭ የሆኑ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ሳቃቸው ከድምፃቸው የባሰ ሰው ናቸው። ጋሼ ያን ዕለት ከሥራ ዘግይተው ሳይታጠቡ ስለገቡ፣ ከመዳፋቸው ስንጥቅ ያልለቀቀው ቀይ ዱቄት የባሕር ሽታ ይሸት ነበር። እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር አድርገው ተቀመጡ።

"ለመሆኑ ሥራዎ ምን ላይ ነው?" ብለው የሙሽራው አባት፣ የወደፊት አማቻቸው፣ ጠየቁ።

"ከአየር ጋር የተያያዘ ነው" አሉ ጋሼ።

"በሉ እንግዲህ፣ የአየር ጠባይ ተንባይ ነዎት ማለት ነው። እኔ ዝናብ ሲያከስረኝ የኖርኩ ሰው፣ ምነው ቀደም ብለን ብንዛመድ ኖሮ።"

ጋሼ "አይደለም" አላሉም። ልጃቸው ወለሉን አየች። ባለቤታቸው ያልጎደለ ብርጭቆ ለመሙላት ተነሡ። ውሸት ነው እንዳይባል ጋዙ የአየር ጉዳይ ነው፤ እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ ጋሼ ልባቸው ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲያ አማቻቸው "ሰማዩ" የሚል ስም አወጡላቸው። አርማታ ሊሞሉ ባሰቡ ቁጥር ማለዳ እየደወሉ "ሰማዩ፣ ዛሬ ልሙላ ወይስ ይደር?" ይሏቸዋል። ጋሼ ሬዲዮ ከፍተው ትንበያውን ሰምተው መልሰው ይደውላሉ። ለጥየቃ ሲሄዱም አማቻቸው በረንዳ ላይ ያወጧቸውና ሁለቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው ደመና ያያሉ። አንድ ቀን ጋሼ መኖ እምቢ ያለች ላም አጠገብ ሳሉ ስልኩ ጮኸ። ሬዲዮ አልሰሙም፣ ወደ ሰማይም አላዩም፤ ሐሳባቸው ላሟ ዘንድ ስለነበር "አይዘንብም" ብለው ዘጉት። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። በማግስቱ ሕንፃው ድረስ ሄደው ሲያዩ፣ የተሞላው ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል፣ ሲሚንቶው ታጥቦ ጠጠሩ አግጥጧል። አማቻቸው አልተቆጡም። ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው "ሰማይ እኮ ነው፤ ቁልፉ እርስዎ እጅ የለ" አሏቸው።

ይህ ደግነት ከስድብ በላይ አመማቸው። ቤታቸው ገብተው ራታቸውን ሳይነኩ ለባለቤታቸው፣ "ላሞቹ ምን በደሉኝ? በእነሱ ማፈሬ ራሱ ያሳፍረኛል" አሉ። ባለቤታቸውም "ንገራቸውና ይውጣልህ" አሏቸው። "ነገ እነግራቸዋለሁ" አሉ። ያ ነገ የልጅ ልጆች እስኪወለዱ፣ ጋሼም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አልመጣም።

ከጡረታ በኋላ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ፣ አማቻቸው እሑድ እሑድ ከአልጋቸው ራስጌ አይታጡም ነበር። በአንዱ እሑድ፣ "ሰማዩ፣ ቶሎ ይነሡልኝ እንጂ፤ ለከርሞ የምጀምረው ሕንፃ አለ" ሲሏቸው፣ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ሰማይ አላውቅም" አሉ። "እኔ መኖ ቀማሚ ነኝ። የላም ግሳት ነው ስቀንስ የኖርኩት።"

አማቻቸው አልሳቁም። "ያ ሶሌታስ?" አሉ።

"እንዲሁ ነው ያልኩት፤ ሬዲዮም አልሰማሁ።"

አማቻቸው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም፤ ከዚያ በኋላም አልመጡም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጋሼ ከትራሳቸው ቀና ይሉ ነበር። ነርሷ "ማንን ነው የሚጠብቁት፣ አባቴ?" ብትላቸው "ያስቀየምኩት ሰው አለ" ብለዋታል። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ቤተሰቡ ይህን ጽሑፍ ሲያዘጋጅ በመጀመሪያ "በአየር ጥበቃ ዘርፍ ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል" ብሎ ነበር። አማቻቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ወረቀቱን ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው እንደቆሙ አነበቡትና "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ።

የጋሼ ልጅ "ሰው እንዳይስቅባቸው ብለን ነው፣ አባባ" አለቻቸው።

"የሚያፍሩት ሰውዬ እንደሆነ ዐርፈዋል፤ ከእንግዲህ ለማን ብላችሁ ነው የምታፍሩት? ግሳት ብላችሁ ጻፉ። የሚስቅ ካለ ይሞክር፤ ሲነበብ እኔ ከፊት ነው የምቀመጠው።"

እሳቸውም ወረቀቱን እያጠፉ፣ ያ ጎላ ያለ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ "መጀመሪያ ተቀይሜ ቀረሁ። ኋላ ግን በመቅረቴ አፍሬ ቀረሁ" አሉ።

ስለዚህ ይህ የሕይወት ታሪክ አማቻቸው እንዳሉት ተጽፏል፤ ከመታተሙ በፊትም አንብበው ፈቅደዋል።

ጋሼ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እኅታቸውን፣ እንዲሁም አማቻቸውን ትተው አልፈዋል። በዕድሜ ዘመናቸው ያስቀየሙት ሰው ቢኖር ስለ እሳቸው ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እኛም ስቀንባቸው ከሆነ እሳቸው ይቅር ይበሉን። የሰውን እፍረት ከነምክንያቱ የሚያውቅ እግዚአብሔር፣ በፊቱ አንገታቸውን ሳይደፉ የሚቆሙበትን ስፍራ ይስጣቸው። አሜን።