የተበሳው ወረቀት

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ረፋድ 4፡00
ገጽ 30። አሁንም እዚሁ ነኝ። ቦንጋ ዝናብ ነው፤ ቢሮው መብራት የለውም። የሕክምና ቃላት ሞጁላችን እንደገና ሊታተም ስለሆነ ት/ክፍሉ ትክክለኛነቱን ገምግም ብሎኛል። የግምገማ ቅጹን ባየኸው፣ ማስታወሻዬ! ለሽፋኑ አሥር ነጥብ። ለገጽ አቀማመጡ አሥራ አምስት። ለይዘቱ ትክክለኛነት አምስት። አይ የኛ ነገር!

9፡00 ሰዓት
ጉድ ፈላ። ገጽ 34 ሰንጠረዥ ላይ የትርጉሙ ዓምድ አንድ መስመር ወደ ላይ ተንሸራቷል። ጋስትራይቲስ፦ የጉበት መቆጣት። ሄፓታይቲስ፦ የኩላሊት መቆጣት። ኔፍራይቲስ፦ የፊኛ። ጋስትራይቲስ እኮ የጨጓራ ነው! ጨጓራ የት ገባ? የለም! እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ እያንዳንዱ ቃል የጎረቤቱን ትርጉም ይዞ ቁጭ ብሏል። የመጨረሻው ቃል ባዶውን ቀርቷል፤ እሱን እንኳ ያየ የለም። የትኛው ደንቆሮ ነው ይህን ያሳለፈው? ከንዴቴ የተነሳ ምሳ አልበላሁም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ
ለጋሽ ታደሰ አሳየኋቸው። የት/ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ሞጁሉን ያዘጋጁትም እሳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ኮምፒውተሩ ነው አሉ። ቀጥለው ከመደርደሪያው አንድ የቆየ ቃለ ጉባኤ አውጥተው ፊቴ አኖሩ። ሞጁሉን አንብበን አጽድቀናል ያልን አራት ሰዎች። ሦስተኛው ፊርማ የኔ ነው።

ትዝ አለኝ። ሰኔ ነበር፣ ሰነድ የሚዘጋበት ሰሞን። ኮሪደር ላይ ቆመን፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ እየሳቅን ፈረምን። ማንም አላነበበም። ደንቆሮውን አገኘሁት።

የካቲት 7፣ ዓርብ
ዘነበች ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ባለፈው ሴሚስተር በዚህ ትምህርት የወደቀችው፣ ከቢታ ገነት ከተማ የመጣችው ልጅ። ሞጁሉ ስላልደረሳት ነርስ ከሆነች እህቷ አሮጌ መጽሐፍ ተውሳ ነበር ያጠናችው። ውጤት ሲለጠፍ ቢሮዬ ድረስ መጣች። «ቲቸር፣ እባክዎ የመልስ ወረቀቴን አንዴ ብቻ ያንብቡልኝ» አለችኝ። እኔ ሆዬ፣ ፈተናው ከሞጁሉ ነው፣ ሞጁሉን አጥኚ ብዬ ሸኘኋት።

እንዴት እንደምናርም ታውቃለህ? በተበሳ ወረቀት። ፈተናውን የሚያወጡት ጋሽ ታደሰ ሞጁሉን እያዩ የትክክለኛው መልስ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይበሳሉ። እኔ የተማሪው ወረቀት ላይ አነጥፈዋለሁ። በቀዳዳው እርሳስ ከታየ ልክ ነው፣ ካልታየ ስህተት። ስድሳ ወረቀት በአንድ ሰዓት! በፍጥነቴ እኮራ ነበር።

የካቲት 10፣ ሰኞ
የመልስ ወረቀቶቹን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ያለ ቀዳዳው፣ እያነበብኩ አረምኩ። ከገጽ 34 ከወጡት ሃያ ጥያቄዎች ዘነበች አሥራ ስምንቱን መልሳለች። ሞጁሉን የሸመደደው የክፍሉ አንደኛ ግን አራት ብቻ። እሱ አሁን ልምምድ ወጥቶ ዋጫ ከተማ በሽተኛ ፊት ቆሟል።

ጓደኛዋን ጠየቅኳት። ዘነበች ቢታ ገብታ ሁለተኛ አልመለስም ብላለች አለችኝ። መጽሐፉን ለእህቷ መልሳለች። ጭንቅላቴ ትምህርት አይቀበልም እያለች ነው አሉ።

ጋሽ ታደሰ በአዲሱ እትም ዝም ብለን እናስተካክል፣ ያለፈውን አትነካካ ይላሉ። «አንተም ፈርመሃል እኮ ልጄ። አብረን ነው የምንወድቀው።» ክፋት አልነበረውም ንግግራቸው። ያ ነው የበለጠ ያሳረረኝ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡30፣ መናኸሪያ
ቅጹ ላይ ነጥብ አልሰጠሁም። አይታተም ብዬ ጻፍኩበት። ለዲኑ ደብዳቤ አዘጋጀሁ፦ የዘነበች ውጤት ይታረም፣ ልምምድ ላይ ያሉትም ተጠርተው እንደገና ይማሩ። ሳያነብ የፈረመ ብዬ መጀመሪያ የጻፍኩት የራሴን ስም ነው። ቢሮ ሲከፈት የሥራ ባልደረባዬ ያስገባልኛል። የዘነበች የመልስ ወረቀት ኮፒ ኪሴ ውስጥ ነው።

የቢታው መኪና ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። አልፈሻል አልላትም መጀመሪያ። መጀመሪያ የምላት፣ ለምነሽኝ ነበር፣ እኔ ግን አላነበብኩልሽም ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትለኝ

ረዳቱ ግባ እያለኝ ነው።