ለምክር ኮድ የለውም

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዛሬ አራት ድርጅት። ሁለቱ መለሱልኝ፣ አንዱ «ነገ ነይ» አለኝ፣ አንዱ ከግብር ቢሮ የመጣሁ መስሎት በጓሮ ወጣ። የደመወዝ ጥናት ነው፣ ስም አይጻፍም ብዬ ለማን ልንገር?

የሽሮ ሜዳው ጋቢ ነጋዴ ደግሞ ጉድ ነው። ለሸማኔው በወር ስንት ትከፍላለህ አልኩት። በወር ማን ይከፍላል፣ በጋቢ ነው እንጂ አለኝ። በወር ስንት ጋቢ ይሠራል? እንደ ጸባዩ። ታብሌቱ ጸባይ አይቀበልም፣ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ቁጭ ብለን ያለፈውን ወር ጋቢ በጋቢ ስንቆጥር ምሳ ሰዓት አለፈ።

ማምሻውን ሱፐርቫይዘራችን ሮሐ የሚቀጥለውን ዝርዝር ላከች። ቁጥር 14፦ ሩፋኤል ሰፈር፣ የሸቀጥ ሱቅ፣ ባለቤት ኢክረማ ሱልጣን።

አባባ! ከዚህ ሁሉ ሱቅ የእኛ? የዕቁብ ዕጣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ለጥናት በመጀመሪያው ዙር ወጣለት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ለሮሐ ነገርኳት። የራስን ቤተሰብ መጠየቅ ክልክል ነው። ለእኛ ሱቅ የሥራ ባልደረባዬ ማቲያስ ይሄዳል፣ እኔ የእሱን አንድ ሱቅ እወስዳለሁ። የሰማውን ሊነግረኝ አይችልም፣ እኔም ልጠይቀው አልችልም። ሁላችንም ፈርመናል። ማቲያስ ደግሞ የእጮኛውን ስም እንኳን ስድስት ወር የደበቀን ልጅ ነው።

መጠይቁን በቃሌ ስለማውቀው ነው የተጨነቅኩት። «የተቀጣሪ ሠራተኞች ብዛት» ይላል። ሳቢት ምን ልትባል ነው?

ሳቢት የአባባ የአጎቱ ልጅ ልጅ ናት። ባጭሩ ዘመድ። እማዬ ስትታመም ልታግዘን ከወራቤ መጣች፣ እማዬ ካረፈች በኋላም እዚሁ ቀረች። ይኸው ዘጠኝ ዓመት። ሱቁን የምትከፍተው እሷ፣ የምትዘጋው እሷ፣ ዕቃ የምታመጣው እሷ። አባባ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ይሰጣል። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ከቆምኩ... እሷ ከመጣች ወዲህ ቆሜ አላውቅም።

ደመወዝ? የለም። ለዒድ ልብስ፣ ስትታመም ሐኪም፣ «ሲያስፈልግሽ ከመሳቢያው ውሰጂ።» ስትወስድ አይቻት አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ማቲያስ ሄደ። ሙሉ ዘገባውን እራት ላይ ከአባባ ሰማሁ። መላሹ የራሱን መልስ እንዳያወራ የሚከለክል ደንብ የለም፣ ቢኖርም አባባን አያስቆመውም።

ልጁ ጨዋ ነው፣ ጥያቄው ግን ልክ የለውም አለ። ስንት ሠራተኛ አለዎት ሲለው ማንም የለኝም ብሎታል። ታዲያ ባንኮኒው ላይ ያለችው? ልጄ ናት። የወለዷት? አይ፣ የአጎቴ ልጅ ልጅ። ማቲያስም «የማይከፈላት የቤተሰብ ሠራተኛ» የሚለውን መረጠ። አባባን «የማይከፈላት» የምትለው ቃል ጎረበጠችው። ስለዚህ የሚያደርግላትን ሁሉ ዘረዘረ፤ ምግብ፣ ቤት፣ ልብስ፣ ሕክምና። ማቲያስ ሁሉንም ሞላ።

«ምክርስ አልኩት» አለ አባባ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መክሬያታለሁ። ልጁ ታብሌቱን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ ለምክር ኮድ የለውም አለኝ።»

በሳቅ ትን አለኝ። ሳቢት ሰሃኖቹን አነሳች፣ አልሳቀችም።

ቀጥሎ ጥያቄ ቁጥር 31 መጣች። ይህች ልጅ ብትለቅ በምትኳ ሰው ለመቅጠር በወር ስንት ይከፍላሉ? አባባ አላውቅም ብሏል። የዘይትን ዋጋ ከነወሩ፣ የምስርን ካመጣው መኪና ጋር የሚያውቅ ሰው...

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሠራተኛም ለብቻዋ ትጠየቃለች፣ ደንቡ ነው። አባባ ይህቺን አልወደዳትም። ያ ልጅ ትናንት ከሳቢት ጋር ግማሽ ሰዓት ምን ያወራ ነበር አለኝ። አላውቅም። ምን አለችው? አላውቅም፣ ባውቅም አልናገርም። የመንግሥት ምስጢር ነው? ነው።

ከሰዓት በኋላ ማቲያስን በበሩ ሲያልፍ ጠርቶ ሻይ ጋበዘው፣ ከተምር ጋር። ማቲያስ ተምሩን ጨርሶ፣ አመስግኖ ሄደ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

አባባ ሳቢትን «በልተሻል?» ማለት ጀምሯል። በቀን ሦስቴ። ምን ተናግራብኝ ይሆን ብሎ ፈርቷል።

ከሰዓት ልብስ ስናጥብ ሳቢት የራሷን ምስጢር ነገረችኝ። ሸጎሌ፣ አዲሶቹ ሕንጻዎች ሥር ትልቅ ሱቅ የከፈተ ሰው አለ። ከጅምላ መደብር ዕቃ ስታመጣ አይቷት፣ ሒሳብ አያያዟን ወዶ ሥራ ልስጥሽ ብሏታል። በወር ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር፣ ዓርብ ዕረፍት። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል።

«ሂጂ» ልላት ይገባ ነበር። ያልኳት ግን «አባባስ?» ነው። ውሸቴን። ያሰብኩት ለራሴ ነው። እሷ ከሄደች እዚያ የምቆመው እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁትም፣ ይህን ታብሌት የያዝኩትም እሷ ስለቆመችልኝ ነው። ይሄስ በየትኛው ኮድ ይገባል? አፈርኩ፣ በጣም።

ለአባባ እንዳልናገር አስማለችኝ። አሁን ሁለት ምስጢር እጠብቃለሁ፣ አንዱን በደመወዝ፣ አንዱን በነጻ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አባባ የራሱን ጥናት ጀመረ። ዕድሜ ልኩን ነግዶ ለአንድ ልጅ «አላውቅም» ብሎ መመለሱ አሳፍሮታል። የዱቤ ደብተሩን ከጀርባ ገልብጦ የሰፈሩን ባለሱቅ በሙሉ ለሠራተኛ ስንት ትከፍላለህ እያለ ይዞራል። እኔ ግምቱን አውቃለሁ፣ ግን አፌ ታስሯል።

እስካሁን ያለው ውጤት፦ ዳቦ ቤቱ ሠራተኛው ፊት አሥር ሺህ አለ፣ ሠራተኛው ወደ ጓዳ ሲገባ አራት ሆነ። በርበሬ የምትሸጠው ጀዊሪያ «ምነው፣ ልጅቷን ልትወስድብኝ ነው?» ብላ አባረረችው። ፎቶ ቤቱ እንደ አባባ «ልጄ ነው» አለ።

ደክሞት ተመለሰ። «ሰው ሁሉ ውሸታም ነው፣ አንቺ እንዴት ቻልሽው?» አለኝ። ስለ ሥራዬ ከአባባ የሰማሁት የመጀመሪያው ምስጋና ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ናሙናውን አሰፋ። የሩፋኤል ሰው ውሸታም ስለሆነ ሸጎሌ ሄደ። የሰማሁት ታክሲ ከተሳፈረ በኋላ ነው። ሳቢት ስትሰማ የያዘችውን ሳሙና አስቀመጠች። ሸጎሌ ሰፊ ነው አልኳት። ስንት ሱቅ አለ...

አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰ። ሳቢት ውስጥ ነበረች። በሩ ላይ ቆሞ ደብተሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ስንት ድርጅት አገኘህ አልኩት።

«አንድ።»

አዲስ ሱቅ ነው አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ባለቤቱ ወሬ ወዳድ። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ልከፍል ነው፣ ሩፋኤል ሰፈር ዘመዷ ጋ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ሰውየው ምን እንደያዘ አያውቅም፣ በምግብ ነው የሚያሠራት ብሎ ሳቀ። አባባም አብሮት ሳቀ። ምን ያድርግ? ከዚያ አንድ ውሃ ገዝቶ ወጣ።

ታውቂ ነበር ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ወንበሩን ከበሩ አንስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

በጠዋት ሱቁን ራሱ ከፈተ። ሳቢት ቁልፉን አጥታ ቤቱን ስታምስ እሱ ለካ ባንኮኒው ውስጥ ነው። ሁለታችንንም ጠራን። ሸጎሌ የሚሰጥሽን እኔም እሰጥሻለሁ፣ ዓርብንም ጨምሮ አላት። እንደ ንግዱ አልተከራከረም፣ ዝቅ ብሎ ነው የጠየቃት።

ማቲያስ ደመወዝሽ ስንት ነው ሲላት ጠይቄ አላውቅም እንዳለችው ሳቢት ለአባባ ነገረችው። ለምን አልጠየቅሽም ሲላት ግን ለማቲያስ አልመለሰችለትም።

«ለእርስዎ ልመልስ?» አለችው።

«መልሺ።»

«እምቢ ይሉኛል ብዬ አይደለም፣ አባባ። ከጠየቅኩ ልጅዎ መሆኔ ይቀራል ብዬ ነው።»

አባባ መነጽሩን አወለቀ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔም አለቀስኩ። ሳቢትን አቅፌ ይቅር በይኝ አልኳት፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

እሄዳለሁ አለች። እዚያ ሠራተኛ ልሁን፣ እዚህ ደግሞ ልጅ። ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ መሆን ደክሞኛል። አባባ ሊመክራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ሳቢት ሄደች። ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ሻንጣ። አባባ እስከ ታክሲው ተሸከመላት፣ ለረዳቱም ራሱ ከፈለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጥናቱ አለቀ። ኮንትራቴ ለሌላ ጥናት በሁለት ወር ተራዘመ። ሮሐ የቁጥር 14ን፣ የእኛን ሱቅ መልስ ለማረጋገጥ ደውላ ኖሮ አባባ የጥያቄ 31ን መልስ አስተካክሉልኝ ብሏታል። ስንት ብሏት እንደሆነ አልነገረችኝም። እሱ ግን ነገረኝ።

አዲሷ ሠራተኛ ሲና ሰኞ ትጀምራለች። ውል አላት፣ አባባ በእጁ የጻፈው። ደመወዝ፣ ምሳ፣ የዕረፍት ቀን። መጨረሻ ላይ «ምክር፦ ከተጠየቀ ብቻ» ብሎ ጨምሮበታል።

ከጁምዓ በኋላ ሳቢት መጣች። አዲስ ጫማ። አባባ ወንበሩን ለቀቀላት፣ ለስላሳ ከፈተላት፣ ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ምሳ ይሰጣል? ብትታመሚስ? ከማቲያስ ይብሳል። ሁሉንም እየሳቀች መለሰችለት።

በዚህ መሃል አንዲት ሴትዮ ግማሽ ኪሎ ስኳር ብላ መጣች። ሳቢት ሳታስበው ተነስታ ወደ ባንኮኒው... አባባ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ዛሬ ዕረፍትሽ ነው።»

እኔ ገባሁ። መደርደሪያውን አየሁ፣ ጆንያዎቹን ገለጥኩ። ሴትየዋ ቆማ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሳቢትን ስኳሩ የት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ እግርሽ ሥር፣ ከዱቄቱ ጀርባ አለችኝ።